ዕቃና ውበት፦ ከዱባይ ተራ እስከ ሠዓሊው ሰሌዳ

ሠዓሊ ቅዱስ፣ ንጉሥ ወይም ተራራ ቢሥል ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። የላስቲክ ሳፋ፣ የተበጠሰ የቻርጀር ገመድ ወይም ባዶ ካርቶን የሥራው ርእስ ሲሆን ግን ሁለት ጥያቄ ይነሣል። የመጀመሪያው፣ ውበቱ በዕቃው ውስጥ ያለ ነው ወይስ ሠዓሊው ከራሱ አምጥቶ የሚያለብሰው የሚል ነው። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ ለአገልግሎት የተሠራን ቁስ በውበቱ መውደድ ነፍስን ያሳድጋል ወይስ በዓይን አምሮት ያስራል? ጥያቄዎቹ በፍልስፍና መጻሕፍት ብቻ የሚገኙ አይደሉም። በኢትዮጵያ በገዳም፣ በቤተ መንግሥት፣ በገበያና በሠዓሊያን ቤት ሲመላለሱ ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ለዚህ ምርመራ የአዲስ አበባው መርካቶ፣ ከመርካቶም ዱባይ ተራ ተገቢ መነሻ ነው። መርካቶ አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ነው፤ ወራሪው አስተዳደር በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ገበያ አንሥቶ ለ«አገሬው» ብሎ ወደ ከለለው ወደ ምዕራቡ ሠፈር አዛወረው። ከዚያ ወዲህ ገበያው በሚሸጥበት ዕቃ እየተሰየመ በየተራው ተከፋፈለ፦ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ አሮጌና ቁርጥራጭ ዕቃ ሌላ ሕይወት የሚያገኝበት ምን አለሽ ተራ። ዱባይ ተራ ከእነዚህ ኋላ የመጣ ነው፤ የተጠራውም ሸቀጡ በተጫነባት የባሕረ ሰላጤ ከተማ ስም ነው። የሸማ ተራን ጥበብ የሸመነው ሰው ምናልባት ሽሮ ሜዳ ይገኝ ይሆናል። የዱባይ ተራን ዕቃ የሠራው ግን ከገዢውም ከነጋዴውም የራቀ ነው፤ ዱባይ ራሷ መተላለፊያ ናት፤ አብዛኛው ዕቃ የተሠራው ከእሷም ባሻገር በእስያ ፋብሪካዎች ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ የሚጠነክረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ሞሰብ፣ ስለ ጀበና ወይም ስለ ጥልፍ ቀሚስ ውበት መናገር ቀላል ነው፤ እነዚህ የሠሪያቸውን እጅ፣ የአካባቢያቸውን ቀለምና የእናት ከልጅ ቅብብሎሽ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ከሌላው ሳይለይ በሺህ የሚፈለፈለው የላስቲክ ትሪ፣ ፔርሙዝ ወይም የስልክ ገመድ ግን እንዲህ ዓይነት ታሪክ የለውም። ትዝታ የለውም፤ ገና አልተነካም፤ ላስቲኩ አልተቀደደም። የዘወትር ዕቃ ውበት አለው የሚል ሰው በሞሰብ ሳይሆን በዚህ ዕቃ መፈተን አለበት።

ፈተናውን የሚጀምረው ሠዓሊ አይደለም፤ ባለሱቁ ነው። የመርካቶ ሱቅ ጠባብ ስለሆነ ዕቃ ከወለል እስከ ጣሪያ ይደረደራል፤ የተረፈው በበሩ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ይሰለፋል፤ ትልቁ ትንሹን ይሸከማል፤ የሚያብለጨልጨው ብርሃን ወደሚያገኝበት ወደ ደጁ ይወጣል። ዓላማው መሸጥ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው ቀለም ከየትኛው አጠገብ ቢውል ዓይን እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚሰወር ጠዋት ማታ እየወሰነ ነው፤ ይህም ሠዓሊ በሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያደርገው ውሳኔ ነው። ገዢዋም ከዚህ አታንስም። መጋረጃ የምትገዛ ሴት ጨርቁን ከሱቁ ጨለማ ወደ ደጅ ታወጣለች፣ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ራቅ አድርጋ ታያለች፤ ዋጋ የምትጠይቀው ከዚህ በኋላ ነው። ውበትን የሚያውቀው ሠዓሊው ብቻ ነው የሚል ፍልስፍና ይህችን ሴት አላያትም።

ፈላስፎች በነገሩ የተስማሙበት ጊዜ የለም። አፍላጦን በ«ሪፐብሊክ» አሥረኛ መጽሐፉ ለምሳሌ የመረጠው አልጋን ነበር፦ የአልጋ እውነተኛ ምንነት አለ፤ አናጢው እሱን ተከትሎ አልጋ ይሠራል፤ ሠዓሊው የአናጢውን አልጋ መልክ ብቻ ይቀዳል፤ ስለዚህ ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ርቆ ይቀራል። ደቀ መዝሙሩ አሪስጣጣሊስ በዚህ አልጸናም፤ ሰው በእውኑ ሲያየው የሚጸየፈውን ነገር እንኳ በሥዕል ሲያገኘው የሚደሰተው እያየ ስለሚማር ነው ብሎ አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1790 ስለ ውበት ፍርድ ትልቁን መጽሐፉን ያሳተመው ካንት ደግሞ ንጹሕ የውበት ፍርድ ከጥቅምና ከባለቤትነት ፍላጎት የተላቀቀ መሆን አለበት አለ። ከአገልግሎት ጋር የተጣመረ ውበት እንዳለ ቢቀበልም ከንጹሑ ለይቶ አስቀመጠው። በዚህ መለኪያ መጋረጃ ገዢዋ የፈረደችው ስለ ሳሎኗ እንጂ ስለ ውበት አይደለም። ይህ የሚያሳምን አይደለም፤ ሳሎኗን በማሰቧ ዓይኗ ይበልጥ ይሰላል እንጂ አይደነዝዝም።

ለዱባይ ተራ የሚቀርበው ከካንት ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ የተነገረው የኢማም አል-ገዛሊ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት እኚህ የእስልምና ሊቅ ስለ ፍቅር በጻፉት ክፍል የእያንዳንዱ ነገር ውበት ለዚያ ነገር የሚገባው ሙላት ሲገኝበት ነው ይላሉ። የፈረስ ውበት ለፈረስ የሚገባው ቅርጽ፣ ቀለምና ሩጫ ነው፤ የጽሕፈት ውበት ለጽሕፈት የሚገባው የፊደል መመጣጠንና አሰላለፍ ነው፤ ፈረስ በጽሕፈት መለኪያ አይለካም። በዚህ ዓይን ሲታይ የውኃ ማንቆርቆሪያ ውበት ከአፉ ቁልቁለት፣ ከጆሮው አያያዝ፣ ሲቀዳበት ጠብታ ካለማፍሰሱ አይነጠልም። ከፋብሪካ መውጣቱም ከዚህ አያግደውም። አል-ገዛሊ በዚህ አያቆሙም፤ በየነገሩ ያለው ሙላት ሁሉ ከፈጣሪ የተገኘ ስለሆነ ዕቃውን በትክክል ያየ ሰው ከዕቃው አልፎ ይሄዳል። ታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን በቆሙበት በመርካቶ ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንም።

በኢትዮጵያ ክርስትና ውስጥ ስለ ቁስ ክብር የተደረገው ከባዱ ክርክር የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የእመቤታችን ሥዕል እንዲከበር፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት አጸኑ። ፍሬ ጽዮን የተባለው መነኩሴ በእንጨት ገበታ ላይ የሣላቸው የማርያም ሥዕሎች የዚያ ዘመን ናቸው። በአንጻሩ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው፣ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀልም አትሰግዱም ተብለው በመከሰሳቸው ግርፋትና ስደት ተቀበሉ። የክርክሩ ጭብጥ እንጨትና ቀለም ስግደት ሊቀበል ይችላልን የሚል ነበር። አንዱ ወገን ለሥዕሉ የሚደረገው ክብር ወደ ተሣለችው ያልፋል አለ፤ ሌላው ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው አለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የእነዚሁ የደቂቀ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በትግራይ የሚገኘው ጉንዳ ጉንዶ፣ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ይበልጥ ካማሩት የብራና መጻሕፍት የአንዳንዶቹ ምንጭ ነው። የገጾቹ ጌጥ የሆኑት ሐረጎች የተጣራ መስመር፣ የተመዘነ ቀለምና ረጅም ትዕግሥት ይታይባቸዋል። ቁስ ሊሰገድለት አይገባም በማለት የታወቁት መነኮሳት ቁስን እስከዚህ ድረስ አስዋቡት። ከዚህ የሚወጣው ለሁለተኛው ጥያቄ ትልቅ ዋጋ አለው፦ ለዕቃ መንበርከክ ሌላ ነው፤ ለዕቃ መጠንቀቅና መትጋት ሌላ ነው። የዘወትር ዕቃ የሚሥል ሠዓሊ የሚቆመው በሁለተኛው በኩል ነው።

የተገዛ ሸቀጥ በሥዕል ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጎንደር ታሳያለች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የዳበረው፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁለተኛው የጎንደር ስልት የሚሉት አሣሣል ለጨርቅ የሰጠው ቦታ ልዩ ነው። የቅዱሳኑ መጎናጸፊያ አበባ ይወጣበታል፤ እጥፉ ጥላ አለው፤ የግምጃው ጥለት አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይሣላል። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ያ ጨርቅ በአብዛኛው የአገር ሸማ አይደለም። በቀይ ባሕር በኩል፣ በምጽዋ ወደብ ገብቶ በሲራራ ነጋዴ ወደ ከተማዋ የወጣ የሕንድና የቱርክ ሸቀጥ ነው። ሠዓሊው በገበያ ያየውን፣ የጨበጠውን፣ ምናልባትም ዋጋውን የሰማውን ጨርቅ ወስዶ ለቅዱሳን አለበሰ። ነጋዴ ከባሕር ማዶ ያመጣው ሸቀጥ በአንድ ትውልድ ውስጥ የሰማያዊ ክብር መግለጫ ሆነ፤ ማንም ባዕድ ነው አላለውም።

ከዚያው ዘመን የተረፉ ታላላቅ የሐር መጋረጃዎችም አሉ። ከሰው ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚረዝሙት እነዚህ መጋረጃዎች የቤተ ክርስቲያንን መቅደስ ከቅድስቱ የሚለዩ ነበሩ፤ ክሩ ከውጭ የመጣ ሐር፣ ሽመናው ግን የኢትዮጵያ ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘረፋ በኋላ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ ቶሮንቶ ይገኛል። ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው የእሾኽ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል ከዚህም ይልቅ ይገርማል። የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ እንደሆነ ይታመናል፤ ሆኖም ነገሥታቱ በፊቱ ይማማሉ፣ በዘመቻም ይዘውት ይወጡ ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1744፣ በስናር ጦርነት ሲማረክ ቤዛ ተከፍሎበት ተመለሰ፤ በመቅደላ ግን ለብሪቲሽ ሙዚየም ሊሰበስብ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ወስዶ የግሉ አደረገው፤ እስካሁንም አልተመለሰም። የአንድ ዕቃ ክብር በትውልድ አገሩ እንደማይወሰን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሸቀጥን ወደ ክቡር ዕቃ ለመለወጥ የራሱ መንገድ አለው። ጥላው ላይ የሚውለው ከፋይና ዘርፍ፣ ለመጋረጃ የሚሆነው ጨርቅ፣ ጽዋውና ጽንሐሑ ከገበያ ሊገዙ ይችላሉ፤ ዛሬም ይገዛሉ። ጸሎት ተደርሶባቸው ለአገልግሎት ሲለዩ ግን ንዋየ ቅድሳት ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት አይመለሱም፣ አይሸጡም፣ እንደ ልብ አይነኩም። የዕቃው ፋብሪካ፣ ዋጋውና የመጣበት ካርቶን ከዚያ ወዲያ አይነሣም። ልብ ሊባል የሚገባው ዕቃው የከበረው ከሥራ በመሰናበቱ አለመሆኑ ነው። ጽዋው ይቀዳበታል፣ ጽንሐሑ ይታጠንበታል፣ ጥላው በጥምቀት ፀሐይ ይዘረጋል። ውበትንና አገልግሎትን ለማለያየት የሚሞክረው የካንት መንገድ እዚህ ቦታ አያገኝም።

ሠዓሊው ካህን አይደለም፤ የሚባርክበት ሥልጣን የለውም። የሚለየው በማየት ነው። ዋጋ ጠያቂው ዕቃውን ያያል፤ ሠዓሊውም ያያል፤ የሠዓሊው ዓይን ግን ስንት ነው ከሚለው ጥያቄ በኋላ እዚያው ይቆያል። ሳፋው ላይ የወደቀው ብርሃን ከየት መጣ፣ ጥላው ለምን ሰማያዊ ሆነ፣ የተከመሩት ትሪዎች ጠርዝ ምን ዓይነት መስመር ሠራ እያለ ሰዓታት ያሳልፋል። ትኩረት ለሰውም ለነገርም ከሚሰጡ ስጦታዎች ሁሉ የሚከብድ ነው፤ ገበያ የሚቸኩልበትን ነገር ሠዓሊ አይቸኩልበትም።

በአውሮፓ ይህ ሥራ ረጅም ጊዜ ተንቋል። እ.ኤ.አ. በ1667 የፈረንሳይ አካዳሚ ሊቅ ፌሊቢያን የሥዕል ዓይነቶችን በማዕርግ ሲደረድር የታሪክን ሥዕል ከላይ፣ ግዑዝ ዕቃን ከታች አስቀመጠ። ሻርዳን የተባለው ሠዓሊ ግን በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን የመዳብ ድስትና የሸክላ ገንቦ እየሣለ ማዕርጉን ትርጉም አሳጣው፤ ጣሊያናዊው ሞራንዲ ደግሞ እስከ ሞቱ እስከ 1964 ድረስ ዕድሜውን በአብዛኛው ለጠርሙስና ለቆርቆሮ ሰጠ። በቫን ጎግ ያረጀ ጫማ ሥዕል ላይ የተነሣው ክርክር ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅማል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃይደገር በ1930ዎቹ በሰጠው ንግግር በጫማው ውስጥ የአንዲት ገበሬ ሴትን ድካምና መሬት አነበበ። እ.ኤ.አ. በ1968 የሥነ ጥበብ ምሁሩ ሜየር ሻፒሮ ጫማው የሠዓሊው የራሱ፣ የከተማ ሰው ጫማ ነው ብሎ ተቃወመው። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር ከተለያዩበት ይበልጣል፦ ያረጀ ዕቃ የለበሰውን ሰው ይዟል። የማን ነው የሚለው ክርክር የተነሣውም አንድ ሰው እዚያ ውስጥ እንዳለ ሁለቱም ስላወቁ ነው።

ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ (1889–1961) ከዚህም አልፎ ሄዷል። ስም የሌላቸው ሠሪዎች ለድሃ ቤት በብዛትና በርካሽ የሠሯቸው ዕቃዎች ለመታየት ከተሠሩት ይበልጣሉ ብሎ አስተማረ። ማስረጃው በኪዮቶ ቤተ መቅደስ የሚጠበቅና ኪዛኤሞን የሚባል የሻይ ጽዋ ነበር፤ በሻይ ሥርዓት ከከበሩት ሁሉ የከበረው ይህ ጽዋ መጀመሪያ በኮርያ ለዘወትር አገልግሎት የተሠራ የማንም ሳህን ነበር። ትምህርቱ ለምን አለሽ ተራ ምድጃና ከጎማ ለሚሠራ በረባሶ በሚገባ ይስማማል። ለዱባይ ተራ ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ያናጊ የፋብሪካን ዕቃ አልወደደም፤ እጅ የሌለበት ሥራ ልብ የለበትም ባይ ነበር። የዱባይ ተራን ዕቃ ለመቀበል ሌላ እርምጃ ያስፈልጋል፤ እሱን የተራመዱት የአዲስ አበባ ሠዓሊያን ናቸው።

በ1950 ዓ.ም. ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ የተነሡ ሠዓሊያን ከሸራና ከዘይት ቀለም ውጭ ያለውን ቁስ ሲፈትሹ ቆይተዋል። እስክንድር ቦጎሲያን በዛፍ ልጥ ላይ፣ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ዘንግና በቆዳ ላይ ሠርተዋል። ታደሰ መስፍን ደግሞ ቁሱን ሳይሆን ሻጩን ይዞ፣ በአነስተኛ ገበያ የሚቸረችሩ ሴቶችን እንደ ዓምድ አቁሞ ይሥላል፤ በሥዕሎቹ ውስጥ ሴቶቹን ከሸቀጣቸው ነጥሎ ማየት አይቻልም። የፋብሪካውን ዕቃ ራሱን ይዞ የመጣው ግን ኤልያስ ስሜ ነው።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱም በ1990 ተመረቀ። ገና ከጅምሩ የሥራው ቁስ ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ ክርና ፌስታል ነበር፤ ሸራውን በመርፌ እየወጋ በስፌት ይሞላዋል። ሎስ አንጀለስ አጠገብ የነበረው የሳንታ ሞኒካ ሙዚየም በ2009 ሥራዎቹን አሳየ፤ በዚያው ዓመት የቴአትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ በስትራቪንስኪ «ኦዲፐስ ሬክስ» ዝግጅት የኤልያስን ዙፋኖች መድረክ ላይ አወጣቸው። ከዚያ ወዲህ «የተወጠረ ገመድ» የሚል ትርጉም ያለው ረጅሙ ተከታታይ ሥራው ጎላ። ቁሱ ከመርካቶ ነጋዴዎች የተሰበሰበ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ነው፦ ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ፣ የስልክ አካል፣ ከሁሉም በላይ በቀለማም ላስቲክ የተሸፈነ ቀጭን ሽቦ። ሽቦው ይጎነጎናል፣ ይጠቀለላል፣ በጣውላ ላይ በጥቃቅን ሚስማር ይመታል። በ2019 በአሜሪካ የሃሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም ትልቅ የብቻው ዐውደ ርእይ ተከፈተለት፤ በ2022 ደግሞ በቬኒስ ቢያናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ላይ ቀረበ።

ከእነዚህ ሥራዎች ፊት የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሽቦ አይደለም። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የተነሣ የደጋ እርሻ ይመስላሉ፤ አረንጓዴው ቁራሽ፣ ቡናማው እርሻ፣ በመካከል የሚያልፈው ጅረት ይለያል። ቀረብ ሲባል ጥልፍ ይሆናሉ። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሲደረስ ነው እያንዳንዱ መስመር ገመድ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የሆነ ሰው ጣት ደጋግሞ የተጫነው ቁልፍ መሆኑ የሚገለጠው። ሦስቱ ርቀቶች ሦስት ዕውቀት ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው የመጀመሪያውን አይሽረውም። የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ኤልያስ ሽቦውን ቀለም አይቀባውም፤ ቀዩ ቀይ ሆኖ፣ ቢጫው ቢጫ ሆኖ ከፋብሪካ የወጣ ነው። የሚፈልገው ቀለም እስኪበቃው ድረስ ለዓመታት ሊያጠራቅም ይችላል። ውበቱ በሽቦው ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ሠዓሊው ያደረገው ሽቦው ከሽቦ ጎን እንዲቆም፣ ሌላ ሥራ ሳይታዘዝም እንዲታይ ነው። ያለ ሠዓሊው ግን አይታይም ነበር። ከዕቃው ነው ወይስ ከሠዓሊው የሚለው ምርጫ ራሱ ስህተት አለበት፤ ውበት ከሁለቱ መገናኘት ነው የሚወለደው፤ ቀለሙንና ቅርጹን ዕቃው ያመጣል፣ ጊዜውን ሠዓሊው ይሰጣል።

የኤልያስ ሥራ ብዙ ጊዜ በውጭ አገር የሚተረጎመው ቆሻሻን መልሶ ስለ መጠቀም እንደሆነ ተደርጎ ነው። ትርጓሜው ጠባብ ነው። ቆሻሻን መልሶ መጠቀም ለአዲስ አበባ አዲስ ዜና አይደለም። ቆራሌው በየሠፈሩ እየጮኸ ጠርሙስና ብረት ሲገዛ፣ ልዋጭ ባዩ አሮጌ ልብስና ጫማ በአዲስ ሳህንና ጆግ ሲለውጥ፣ የምን አለሽ ተራ ቀጥቃጭ ከበርሜል ምድጃ ሲያወጣ ኖሯል። ዕቃ በዚህ ከተማ በቀላሉ አይሞትም። በዱባይ ተራ አዲስ ሆኖ የተገዛው ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ይጠገናል፣ ይፈታል፣ በመጨረሻ በኪሎ ይመዘናል። ሠዓሊው የሚያገኘው በዚህ ጉዞ መጨረሻ ነው። በዚያ ሽቦ ውስጥ ድምፅ አልፏል፤ የልደት ዜና፣ የመርዶ ዜና፣ የብድር ልመና፣ ከዐረብ አገር የተደወለ የልጅ ድምፅ። ይህን ምንም መሣሪያ ከሽቦው ሊያወጣው አይችልም፤ ነገር ግን ሽቦውን በትኩረት የሚያይ ሰው እንደነበረ ያውቃል። ትዝታ የለውም የተባለው የፋብሪካ ዕቃ ትዝታውን ያገኘው ከሠሪው ሳይሆን ከተጠቃሚው ነው፤ በያናጊ ትምህርት ላይ ይጎድል የነበረው እርምጃ ይህ ነው።

በዚህ አመለካከት ላይ ሁለት ከባድ ተቃውሞ ይቀርባል። አንደኛው የፍትሕ ነው። የመዳቡን ሽቦ ለማውጣት ላስቲኩን የሚያቃጥል ልጅ የሚተነፍሰው ጭስ መርዝ ነው፤ በዚያ ጭስ ምንጭ ላይ ውበት መፈለግ ሥቃይን ማስጌጥ አይሆንምን? ተቃውሞው ቀላል መልስ የለውም፤ እንዲኖረውም አይገባም። ሥዕሉ ጭሱን አያጠፋም። ይሁንና ዕቃን የሚያሳንስ ሰው ዕቃውን የሚነካውንም ያሳንሳል፤ ሽቦው የማይረባ ነው ያለ፣ ሽቦ ሲለቅም የሚውለውንም ልጅ የማይረባ ለማለት ሩቅ አይደለም። ሥዕሉ ቢያንስ ይህን የመጀመሪያ ንቀት ይከለክላል። ውበቱ ጭሱን ሸፍኖ ተመልካቹ ተደስቶ ብቻ ከሄደ ግን ተቃውሞው ትክክል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመናኞች ነው። የኢትዮጵያ ገዳማዊ ትውፊት ዕቃን ይፈራል፤ መናኝ ጨርቁን ጥሎ ይወጣል፣ ጥሬ ቆርጥሞ ቅጠል በልቶ ይኖራል፣ ዓይን የልብ በር ነውና ይጠበቃል። በመርካቶ ደጅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ዕቃ ዕቃን ይጠራል፣ የጎረቤት መጋረጃ እንቅልፍ ይነሣል። ነገር ግን ምኞት የሚፈልገው ዕቃውን የራስ ማድረግ ነው፤ የራስ ከሆነ በኋላም አያየውም፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። የሠዓሊው አስተያየት በተቃራኒው ነው፤ ሳይወስድ ያያል፣ ካየ በኋላም አይሰለችም። መናኙና ሠዓሊው በዚህ በኩል ጠላቶች አይደሉም። ሁለቱም በዕቃ መያዝን እምቢ ይላሉ፤ አንዱ ዓይኑን በመመለስ፣ ሌላው ዓይኑን በማቆየት። የጉንዳ ጉንዶ መነኮሳት ሁለቱን በአንድ ገዳም አብረው ይዘዋቸዋል።

አንድ ችግር ይቀራል። ሥዕሉ ራሱ ዕቃ ይሆናል። ዋጋ ይወጣለታል፣ በሳጥን ይታሸጋል፣ በመርከብ ይጫናል፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዱባይ ተራ የተሸጠው ሽቦ ተመልሶ ባሕር ይሻገራል፣ በሙዚየም ግድግዳ ላይም «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ይቆምለታል። ሲነካ የኖረ ቁልፍ መነካት ይከለከላል። ኤልያስና የሰው ልጅ ባህል አጥኚዋና የዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ለዚህ የሰጡት ምላሽ በመካኒሳ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ነው። ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ሲሆን ላዩ ላይ በጣት የተሳበ የሚመስል ጌጥ አለው፤ የሚረገጠው መንገድ በድንጋይ ጥለት ተነጥፏል፤ በግቢው አትክልት ይለማል፣ ሕፃናትም ይማሩበታል። እዚያ ግድግዳው ቤት ይይዛል፣ መንገዱ ይሄዱበታል፣ ሁለቱም ሥዕል ናቸው፤ ዝናብ ሲያጥበው የሚለሰነውም በዚያው በባህላዊው የጭቃ ቤት አሠራር ነው።